እረፍ ተብያለሁ

መስከረም 13 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ጉልበቴን ያየችው ሀኪም ከልጄ ከላምያ ታንሳለች። «ከወንበሩ እጅዎን ሳይደገፉ ይነሱ» አለችኝ። አልተነሳሁም። «እሺ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይነሱ» ስትለኝማ ሳቅኩባት። ወለል ላይ ቁጭ ካልኩ ቆየሁ። ባለፈው ረመዳን መስጊድ ውስጥ ግንባሬን ከደፋሁበት ከሱጁድ መነሳት አቅቶኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ከዚያ ወዲህ በወንበር ነው የምሰግደው። ወንበሩን የመስጊድ ልጆች ናቸው ያመጡልኝ፣ ከነትራሱ። ለሽማግሌ ክብር መሆኑ ነው።

ልጅቷ ጉልበቴ እንዳልተበላሸ ነገረችኝ። የሟሸሸው ታፋዬ ነው። ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ፣ ሁሉ ነገር እየቀረበልኝ፣ ጡንቻዬ ሥራ ፈትቶ አለቀ አለች። በየቀኑ ይራመዱ፣ ከወንበር ይነሱ ይቀመጡ፣ ከወለል መነሳት ይለማመዱ፤ ከወለል በራሱ መነሳት ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ ዕድሜውም ያጥራል አለችኝ፣ ፊት ለፊት። እድሜዬ ስድሳ ስምንት ነው። ሰው እንዲህ አይባልም። መሃል መሃል ላይ ደግሞ እረፍት ያድርጉ አለች።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዐፊፋ ጫማዬን ልታወልቅልኝ ጎንበስ ብላ «ምን አሉህ?» አለች።

«እረፍ ብለውኛል።»

ውሸት አይደለም። ብላለች።

መስከረም 16፣ ጁምዓ

በወንበር ሰገድኩ፣ ከኋላ ግድግዳው ሥር። ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ተነሱ። አላየሁም ብል ይሻላል።

ዐፊፋ ለሰላት የምታጠብበትን የውዱእ ውሃ ከነሳፋው ከመቀመጫዬ አጠገብ ማስቀመጥ ጀምራለች፣ ጓሮ ድረስ እንዳልሄድ። የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያም በክር አስራ ክንዴ ላይ አንጠልጥላልኛለች። ሀኪም እረፍ ብሎታላ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ላምያ ከቴፒ ደወለች። እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ባሏ ኢክሪማ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል። ነፍሰ ጡር ናት፤ ካገቡ ከስንት ዓመት በኋላ ያገኙት ልጅ ነው። መሃል ላይ ደም ስለታያት መንገድ አይፈቀድልሽም ተብላለች እንጂ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ ነበር የምትወልደው። ቀኗ ኅዳር መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዐፊፋ ትሄዳለች። አራስ ልጇን እናት ካላረሰች ማን ያርሳታል?

እኔ መሄድ አልችልም። ቤታቸው አቀበት ላይ ነው፣ ባጃጅ አይወጣውም። ሽንት ቤታቸውም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። የእኛው መቀመጫ አለው፤ ቢኖረውም ዐፊፋ ናት የምታነሳኝ።

«አባ፣ እማዬን መቼ ነው የምትልካት?» አለችኝ።

«ትመጣለች።»

«ደግሞ ስወልድ አዛኑን በልጁ ጆሮ የምትለው አንተ ነህ። ሌላ ሰው አላስነካም።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ኢንሻአላህን ለማምለጫ ያደረገ ሰው አላህ ይቅር ይበለው።

መስከረም 25፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ዐፊፋ ጓሮ ሆና ስልክ ስታወራ ሰማሁ። የተኛሁ መስሏታል።

«ልጄ፣ ለማን ጥዬው ልምጣ? ሀኪም እኮ እረፍ ብሎታል። ሽንት ቤት እኔ ካላነሳሁት አይነሳ፤ ሌላ ሰው አያስጠጋ። ወንድምሽን አዲስ አበባ ድረስ ደውዬ ለመንኩት፤ እሱም ሥራ። እንግዲህ ጎረቤት ለምኚ። ምን ላድርግ ልጄ?»

ከዚያ አለቀሰች፣ ድምጿን አፍና።

ስትገባ ዐይኔን ጨፈንኩ። ውሃ አጠገቤ አስቀምጣ ወጣች። ልነግራት ይገባኝ ነበር። ነገ እነግራታለሁ።

መስከረም 26

ገበያ ነበር። አልነገርኳትም።

መስከረም 27

እንግዳ ነበር።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

አስረስ ሱቅ መጣ። የስፖርት አስተማሪ ነበር። ከጎንደር በወጣትነቱ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ከእኔ ይበልጣል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየጠዋቱ ከዚህ ከአማን ሚዛን ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል፤ ክረምት በጋ አይልም። ሰው አእምሮው ትንሽ ተነክቷል ይለዋል። እኔም ብዬዋለሁ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሀኪሟን ነገር ነገርኩት። ለዐፊፋ ያልኳትንም።

«አንተ ሰውዬ፣ በአንድ ቃል ሚስትህንም ልጅህንም አሰርካቸው ማለት ነው?»

«ምክር አልጠየቅኩህም።»

«ታዲያ ምን ጠየቅከኝ?»

የሚገዛ ሰው ገባ፤ ጨርቅ ለካሁለት፣ ከፍሎ ወጣ።

«ከወለል እንዴት ነው የሚነሳው?» አልኩት።

አስረስ አልሳቀም። ይስቃል ብዬ ነበር።

መስከረም 30፣ ጁምዓ

ንጋት ላይ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከአስረስ ጋር ልሄድ ወጣሁ። ለዐፊፋ መስጊድ ትንሽ እቆያለሁ አልኳት። ከመስጊዱ በር ገና ፈቀቅ ሳልል ታፈሰ የሚባለው ባለ ባጃጅ ፊቴ ገትሮ ቆመ።

«ሐጂ፣ ግቡ!» ሐጅ ሄጄ አላውቅም፤ ሽበቴን አይቶ ነው።

«አይ፣ በእግሬ ነው።»

«ኧረ ነውር ነው! እርስዎን በእግር አስኬጄ ሰው ምን ይለኛል?»

ገባሁ። ምን ላድርግ? ልጁ ወርዶ ክንዴን ይዞ። ሱቅ በር ላይ አወረደኝ፣ ሂሳብም አልቀበልም አለ። የመጀመሪያው ቀን ስፖርቴ ይኸው ነው።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሦስት ባጃጅና አንድ የጭነት መኪና አሳለፍኩ። የጭነቱ ሾፌር ተቆጣኝ፣ ልጅ የለዎትም ወይ ብሎ። ይህ አገር ሽማግሌ አያስራምድም። ድልድዩ ጋ ስደርስ እግሬ ተንቀጠቀጠ። አስረስ «ይንቀጥቀጥ፤ መቼስ ተረስቶ ነው የኖረው» አለኝ። ስንት እርምጃ ሄድን ብለህ አትቁጠር አለኝ፤ ቆጣሪ ነጋዴ መሆኔን ያውቃል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። ወሬው እግር አውጥቶ ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል። በድሩ ከስሯል፣ የባጃጅ እንኳ አጥቶ በእግሩ ነው የሚሄደው ተብያለሁ። ጂማ ያለው ጨርቅ አከፋፋይ ደውሎ «ሰላም ነህ?» አለኝ፣ በማያምር ድምፅ። የዐፊፋ እህት ደግሞ ስኳርና ዘይት ይዛ ልታጽናናት ቤት መጣች።

ማታ ዐፊፋ ፊቴ ቆመች።

«ከስረናል እንዴ?»

«አልከሰርንም።»

«ታዲያ መስጊድ ነኝ እያልክ መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ?»

ነገርኳት። ሀኪሟ ያለችውን ሁሉ፣ ከታፋዬ እስከ ዕድሜዬ። ዐፊፋ ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ተንቀሳቀስ ነው ያለችህ?»

«አዎ።»

«እረፍ ያልከኝስ?»

«መሃል መሃል ላይ ብላለች።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «እኔ ልጄን ጎረቤት ለምኚ አልኳት እኮ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ጫማዬን አላወለቀችልኝም። ራሴ ፈታሁት። የጫማ ማሰሪያ ድሮም እንዲህ ሩቅ ነበር?

ጥቅምት 9

አታናግረኝም። ሳፋው ከመቀመጫዬ አጠገብ የለም። ጓሮ ድረስ ሄጄ ውዱእ አደረግኩ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሱቅ ከተዘጋ በኋላ አስረስ ያለማምደኛል። መጀመሪያ ከወንበር፣ እጅ ደረት ላይ አጣምሮ። ከዚያ ወለል። ባንኮኒውን ይዤ በአንድ ጉልበት እወርዳለሁ፣ በሁለተኛው፣ ከዚያ ቁጭ። ለመነሳት ተገልብጦ በእጅና በጉልበት መሆን፣ አንዱን እግር ወደፊት ማውጣት፣ ጨርቅ የታሰረበትን እስር ይዞ መግፋት። ግመል ሲነሳ ያየ ሰው ያውቀዋል። የዛሬው መነሳቴ ረጅም ነበር። አንዲት ደንበኛ በበሩ ስንጥቅ አይታ «ውይ፣ ሐጂ ወድቀው ነው!» ብላ ጮኸች።

ታፋዬ ያቃጥላል። አስረስ ጥሩ ነው ይላል። ለእሱ ሁሉም ጥሩ ነው።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ወደቅኩ። ጭቃው ነው፣ ጉልበቴ አይደለም። ታፈሰ በባጃጅ ቤት አመጣኝ፤ «አላልኩም?» የሚል ዓይነት ፊት ነበረው። ክርኔ ተልጧል። ዐፊፋ አይታኝ «በቃ!» አለች። ቁስሉን አጥባ አሰረችልኝ።

ጥቅምት 18

ለላምያ ደውላ ቁርጡን ነገረቻት። እንደማትመጣ። እዚሁ ፊቴ ነው የደወለችው። ላምያ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ዐፊፋ ስልኩን ዘግታ ጎደሬ ልጣ ቀቀለች፤ በላን።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዝናብ። አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ፤ ማንም ምንም አላለኝ። ተመችቶኛል ማለት አለብኝ፤ እውነት ነው ተመችቶኛል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ጥቅምት 21፣ ጁምዓ

ቤት ሱብሒ ሰግጄ ዞር ስል ዐፊፋ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የወንድ ልጃችንን የድሮ የስፖርት ጫማ አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

«ተነስ እንሂድ። ብቻህን ነው የማትሄደው።»

«በቃ አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ብትወድቅ እኔ አነሳሃለሁ፤ ተቀምጠህ ብታልቅ ግን ምን አደርግሃለሁ?»

ተጋብተን ስንኖር ጎን ለጎን መንገድ ሄደን አናውቅም ነበር። እኔ ከፊት፣ እሷ ዕቃ ይዛ ከኋላ ነው ልማዳችን። ታፈሰ እንደ ልማዱ ሲቆም «ሂድ አንተ፣ ሀኪም ነው ያዘዘን!» ብላ አባረረችው። አልሄደም። ጨለማ ስለነበረ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ከኋላችን ተከተለን፣ ሰርገኛ አስመሰለን። ዐፊፋ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ ነው የሳቀችው።

ድልድዩ ጋ ቀድማ የደከመችው እሷ ናት። ደረቷን ይዛ ቆመች። እኔን ስታነሳ ስታስቀምጥ የከረመች ሴት፣ እሷስ ጤናዋ እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር። ዛሬም አልጠየቅኳትም። ቆሜ ጠበቅኳት።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ቡና ለቀማው ደርሷል፤ ገጠሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ ሱቅ ቀዝቅዟል። እኔና ዐፊፋ አሁን ድልድዩን አልፈን ዳገቱን እንጀምራለን። አስረስ ከፊት ከፊት እየሄደ ይጮህብናል። ወሬውም ተቀይሯል፦ አሁን የምባለው በስተርጅና ሚስቴን ይዤ መንሸራሸር እንደጀመርኩ ነው። ይሻላል ከመክሰር።

ኪኒን የምወስድለት የደም ግፊቴ ወርዷል። እንቅልፍ ይወስደኛል። ሽንት ቤት ብቻዬን እነሳለሁ፣ ግድግዳውን ይዤ ቢሆንም። ዐፊፋ አሁንም በር ውጭ ትቆማለች። እንደምትቆም አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ታውቃለች። ከወለል ግን የሚያዝ ነገር ካላገኘሁ አልነሳም።

አስረስን «ስንት ዓመት ይጨምርልኛል?» አልኩት።

«እሱን ፈጣሪህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው፣ የቀረህን ዕድሜ ሰው ሳይሸከምህ ትኖረዋለህ።»

ኅዳር 5፣ ጁምዓ

ዐፊፋ ሻንጣዋን አውጥታ አናፈሰችው። ላምያ ጋ ደውላም በሚመጣው ሳምንት አባትሽን ይዤው እመጣለሁ አለቻት። አቀበቱን ይችላል? ስትላት «ይችላል» አለች። ወደ እኔ አላየችም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሌሊት ወለደች። ቀኗ ሳይደርስ። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና። ኢክሪማ ሲደውል ዐፊፋ ስልኩን ይዛ መሬት ቁጭ አለች። ብቻዋን ወለደች አለች። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለራሷ ነው። አዛን አልተባለም፤ አባ ካልመጣ ማንም አይልም ብላ ላምያ እንቢ ብላለች። አሁን እንሄዳለን።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ቴፒ

ትናንት ከደረስን በኋላ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ቁጭ ብያለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ዐፊፋ ቴፒ እስክንደርስ በመስኮት ነው የምታየው። ሀኪም ቤት የሄድኩ ዕለት እውነቱን ተናግሬ፣ መራመዱንም በጊዜ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ልጇ ስታምጥ እጇን ይዛ ነበር። እሷ ይህን አላለችም። ልትለኝ ይገባ ነበር።

አቀበቱ ሥር ኢክሪማ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ይጠብቀናል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ግራና ቀኝ እንጨት አስረዋል፣ እኔን ተሸክመው ሊያወጡኝ። ወንበሩ ላይ ጋቢ አንጥፈውበታል። ልጁ ክብሬን ብሎ ነው የደከመው፤ ልቆጣው አልቻልኩም።

«አባ፣ ይቀመጡ፣ እናወጣዎታለን።»

«የእናታችሁን ሻንጣ አስቀምጡበት» አልኩ።

ወጣሁት። ስንቴ እንደቆምኩ አላወራም። አንዴ የሰው አጥር ይዤ ቆምኩና ዐፊፋ ከጎኔ ቆመች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። እጇን አልዘረጋችልኝም። እኔም አልዘረጋሁም። ልቤ እስኪመለስ ቆየንና ቀጠልን።

ላምያ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፣ የጎረቤት ሴቶች ከበዋታል። ዐፊፋ እንደገባች ልጇ ላይ ተደፋች። ሁለቱ ሲላቀሱ እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። በኋላ ላምያ «አባ፣ ና» አለች። ሴቶቹ ወንበር አመጡ። ወንበር ላይ ሆኜ ልጅቷን ማየት አልፈለግኩም። በአንድ ጉልበት ወረድኩ፣ በሁለተኛው፣ ከፍራሹ ጎን ቁጭ አልኩ። ሕፃኗን ሰጡኝ። ምንም አትከብድም። ቀኝ ጆሮዋ ላይ አዛን አልኩ። ልጅቷ አንድ ዐይኗን ከፍታ አየችኝ።

ከዚያ መነሳት መጣ። ሕፃኗን ለእናቷ መለስኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ባንኮኒ የለም፣ የጨርቅ እስር የለም፣ ግድግዳው ሩቅ ነው። ከሴቶቹ ሁለቱ ብድግ አሉ፣ ኢክሪማም ከበር ሮጦ መጣ። እጆቻቸው ብብቴ ሥር ሲደርሱ ዐፊፋ ጮኸች።

«ተዉት! እንዳትነኩት!»

ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። ተገልብጬ በእጄና በጉልበቴ ሆንኩ። በሰው ፊት እንዲህ መሆን ያሳፍራል፤ አፈርኩ። እግሬን አወጣሁ፣ መዳፌን ታፋዬ ላይ አድርጌ ገፋሁ፣ ተመልሼ በጉልበቴ ወደቅኩ። አንዷ ሴት «ውይ!» አለች። ዐፊፋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እንደገና ገፋሁ። ተነሳሁ።

ላምያ ፍራሹ ላይ ሆና ታለቅሳለች። ዐፊፋ ግን አላለቀሰችም። ዞር ብላ ገንፎው እንዳያርር ሄደች።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ አማን

ትናንት ጠዋት ሻይ ስጠጣ ዐፊፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኔ አርባዋ እስኪወጣ እዚህ ነኝ። አንተ ነገ ሂድና ሱቅህን ክፈት።»

«ብቻዬን?»

«ብቻህን። ለስም ማውጫው ትመለሳለህ፤ መንገዱን አውቀኸዋል።»

ትንሽ ትለምነኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቆይ፣ ጠንከር በል፣ ማን ያበላሃል እንድትለኝ። ምግብ የት እንዳለ ነገረችኝ፣ የደም ግፊት ኪኒኔን አስታወሰችኝ፣ ጠዋት ጠዋት ከአስረስ ጋር መሄዱን እንዳታቋርጥ አለችኝ። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰችና ተነስታ ሄደች።

ዛሬ ስወጣ ልጅቷን እያጠበች ነበር። በእጇ አረፋ እንዳለ «በሰላም ግባ» አለችኝ። ኢክሪማ ልሸኝዎት ቢል እምቢ አልኩት። ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ፤ ቁልቁለት ከአቀበት ይከብዳል፣ ማንም አልነገረኝም ነበር። መሃል ላይ ቆሜ ዞሬ አየሁ። በሩ ላይ ማንም የለም። ይወድቅ ይሆን ብሎ የሚያየኝ ሰው የለም።

የለፋሁት ለዚህ ነበር። እያለቀስኩ ወረድኩ።